«ፍሬን በጠሰ» ከማለታችን በፊት፦ የጭነት መኪና ዋና ዋና ክፍሎች በሐይቅና በአምባሰል መንገድ

(በሐይቅ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአሽከርካሪዎች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ንግግር በማስታወቂያው ላይ «የጭነት መኪና ዋና ዋና ክፍሎች» ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሥዕል ነው። ሞተሩ ይኸውላችሁ፣ ካምቢዮው ይኸውላችሁ፣ ዲፈረንሻሉ ይኸውላችሁ እየተባለ ስም ይቆጠራል። ተማሪው ስሙን ያጠናል፣ ይፈተንበታል፣ ከፈተናው በኋላ ይረሳዋል። እኔ ዛሬ የምጀምረው ከሥዕል ሳይሆን ሁላችንም ደጋግመን ከሰማነው አንድ አባባል ነው። የጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ ሲገለበጥ በመንደርም በዜናም «ፍሬን በጥሶ ነው» ይባላል።

«በጠሰ» ስንል እንደ ገመድ ተወጥሮ የነበረ ነገር በድንገት ተቆረጠ ማለታችን ነው። ድንገተኛ ከሆነ ደግሞ ማንም አይጠየቅበትም፤ ማንም አይማርበትም። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው፣ እንዲህ ከሚባልባቸው አደጋዎች በብዙዎቹ ምንም የተበጠሰ ነገር ላይኖር እንደሚችል ነው። ሸራው በቦታው አለ፣ ታምቡሩ በቦታው አለ፣ የአየር ቧንቧውም አልተቆረጠም። የተበላሸው ነገር የተበላሸው ከአደጋው ቦታ ብዙ ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ፣ በማርሽ ምርጫ ነው። ይህን ለመረዳት እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻው ማወቅ አይበቃም፤ ክፍሎቹ እንዴት እንደተያያዙ፣ ጉልበት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። የክፍሎቹን ስም ጋራዥ ውስጥ እንደሚጠሩት እጠራቸዋለሁ፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

መንገዱ

በመጀመሪያ መንገዱን እንመልከት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከሐይቅ በኋላ መንገዱ የአምባሰልን ተራራ ተጠግቶ ወደ ውጫሌ ይዘልቃል፤ ከውጫሌ አልፎ ደግሞ እየተጠማዘዘ ወደ ውርጌሳና ወደ መርሳ ይወርዳል። በደቡብ በኩል ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ሐረጎ አለ። በዚህ መስመር የሚሠራ አሽከርካሪ ሜዳ የሚያገኘው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ቀኑን የሚያሳልፈው በመውጣትና በመውረድ ነው። ስለዚህ መኪናውን በዳገትና በቁልቁለት እንፈትሸው።

ለምሳሌ እንዲሆነን ከነጭነቱ 20 ቶን የሚመዝን፣ 200 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና እንውሰድ። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ገጥሞታል እንበል። የራሱ ክብደት ወደ ኋላ የሚጎትተው በ15,700 ኒውተን ነው፤ ይህም 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ አንጠልጥሎ የመያዝ ያህል ነው። ጎማው በመንገዱ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመውን ተቃውሞ ስንጨምርበት 17,500 ገደማ ይሆናል። 200 የፈረስ ጉልበት 147 ኪሎ ዋት ነው። ይህን ለዚያ ስናካፍለው በሰከንድ 8.4 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እናገኛለን። ከኋላ የተከተለው የቤት መኪና ጡሩምባ ቢነፋም ባይነፋም፣ ይህ መኪና በዚያ ዳገት ከዚህ በላይ መሄድ አይችልም። አሽከርካሪው ሰንፎ አይደለም፤ ስሌቱ ነው።

ወደ ላይ፦ ጉልበት ከሞተር ወደ ጎማ

ጉልበቱ የሚጀምረው ከሞተር ነው። የናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። ሥራው አራት ምት አለው፤ መሳብ፣ ማመቅ፣ ማንደድና ማስወጣት። በመጀመሪያው ምት ሲሊንደሩ አየር ብቻ ይስባል። በሁለተኛው ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ያንን አየር ከ16 እስከ 18 እጥፍ ገደማ ያምቀዋል፤ የታመቀው አየር ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። በዚህ ጊዜ ናፍታው በከፍተኛ ግፊት ይረጫል፤ እሳት ሳይነካው በራሱ ይቀጣጠላል። ነበልባሉ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ቢዬላው ይህን የላይና የታች እንቅስቃሴ ለክራንክ ሻፍቱ ያስተላልፋል፤ እዚያ ላይ ወደ መሽከርከር ይለወጣል።

እዚህ ላይ አገራችን የራሷን ጥያቄ ታነሳለች። በደሴ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው መጠን ያው ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ያንሳል። አየሩ አንሶ ናፍታው ካልቀነሰ ከፊሉ ሳይነድ ይወጣል፤ አሮጌ መኪና ዳገት ላይ የሚተፋው ጥቁር ጭስ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ተርቦ የተባለው መሣሪያ የሚወጣውን ጭስ ግፊት ተጠቅሞ አየሩን ወደ ሞተሩ እየገፋ ያስገባል፤ በደጋ አገር ጥቅሙ በቆላ ካለው ይበልጣል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ የሚሠራ መኪና ግን ደሴ ላይ ሆኖ ከደሴ የበለጠ ከፍታ ላይ ያለ ያህል ይታፈናል።

ሞተሩ ከናፍታው የሚያገኘውን ጉልበት ሁሉ ወደ ሥራ አይለውጠውም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በጭሱና በራዲያተሩ በኩል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ዳገት ላይ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ መኪናው ግን ቀስ ብሎ ስለሚሄድ፣ ከፊት ወደ ራዲያተሩ የሚነፍሰው አየር ትንሽ ነው። ሸክሙ ሁሉ በቬንቲላተሩና እርሱን በምታዞረው ቺንጋ ላይ ይወድቃል። በዚህ ላይ ውሃ በሐይቅ ከፍታ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ እንጂ በ100 አይደለም። ራዲያተሩን የሚያድነው ክዳኑ ነው፤ ክዳኑ ግፊት አምቆ ስለሚይዝ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ላስቲክ ካለቀ ይህ ጥበቃ ይጠፋል፤ መዘዙም ቴስታታው ተጣምሞ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ፣ ለወራት የተቆጠበ ገንዘብ መክፈል ሊሆን ይችላል። የሞቀ ራዲያተር ክዳን መክፈት የሚያቃጥለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ግፊቱ እንደተለቀቀ ውሃው በአንድ ጊዜ ይፈላና ፊት ላይ ይፈነዳል። ረዳቶቻችን ይህን በጠባሳ ከሚማሩት ዛሬ በቃል ቢማሩት ይሻላል።

ከሞተሩ ቀጥሎ ፍሪሲዮን አለ። ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ቮላኖ እና በሞላ ኃይል የሚጫነው ሳህን መካከል አንድ ዲስክ ተጣብቆ ይዞራል፤ ፔዳሉን ስንረግጥ ጭነቱ ይነሳለታል፣ ሞተሩና ካምቢዮው ይለያያሉ። ዳገት ላይ ቆሞ በፍሬን ፋንታ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ መኪናውን የሚያንጠለጥል አሽከርካሪ፣ 20 ቶን የሚሸከመው በዚያ ቀጭን ዲስክ ፍትጊያ መሆኑን ቢያውቅ እግሩን ቶሎ ያነሳ ነበር።

ካምቢዮ የጉልበትና የፍጥነት ገበያ ነው፤ ፍጥነት ሰጥቶ ጉልበት ይገዛል። ከባድ ድንጋይ በረጅም እንጨት የሚፈነቅል ገበሬ የሚያደርገውም ይኸንኑ ነው፤ እጁ ብዙ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ጥቂት ይነሳል። የምሳሌያችን መኪና ሞተር እስከ 700 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል አለው እንበል። በአንደኛ ማርሽ ካምቢዮው 7 እጥፍ፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ 5 እጥፍ ቢያበዛው፣ ወደ ጎማው የሚደርሰው 35 እጥፍ ነው። የጎማው ቁመት ከመሬት እስከ መሐሉ ግማሽ ሜትር ከሆነ፣ የሚገፋው ኃይል በመንገድ የሚባክነው ሳይቀነስ 49,000 ኒውተን ይሆናል። 3 እጥፍ በሚያበዛው ማርሽ 21,000 ይሆናል፤ ዳገታችን የሚፈልገው 17,500 ስለሆነ ይወጣል። 2 እጥፍ በሚያበዛው ማርሽ ግን 14,000 ብቻ ነው፤ ሞተሩ ተንገጫግጮ ይጠፋል። ልምድ ያለው አሽከርካሪ ይህን ሁሉ የሚያሰላው በጆሮው ነው። የሞተሩ ድምፅ መክበድ ሲጀምር፣ ሳይታፈን፣ ማርሹን ይቀንሳል። አምባሰል ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ለአንዱ ስሙን ያዋሰ አገር ነውና፣ ጆሮ ምን ያህል ሊሠለጥን እንደሚችል እዚህ ለተሰበሰበ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከካምቢዮው የወጣው ጉልበት በካርዳን በኩል ወደ ኋላ ይሄዳል። መኪናው በነጠረ ቁጥር የኋላው ቅርጭት ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ካርዳኑ ጫፎቹ ላይ እንደ ክንድ አንጓ የሚታጠፍ ክሮቸራ አለው። ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ከስር «ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማ አንዱ ተጠርጣሪ እርሱ ነው። ከዚያ ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን አዙሮ ለግራና ለቀኝ ሴሚያስ ያከፋፍላል። ኩርባ ላይ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድላቸው ይህ ክፍል ነው። ሴሚያሱ ጎማውን ያዞራል፤ ጎማው መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ መኪናው ይወጣል።

ወደ ታች፦ ጉልበት ከጎማ ወደ ሞተር

እስካሁን የተናገርኩትን አብዛኞቹ መጻሕፍት ይናገሩታል፤ ብዙዎቹም እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኛ ግን ያለነው ወሎ ነው፤ የወጣ ሁሉ ይወርዳል።

ቁልቁለት ላይ ሰንሰለቱ ያው ሆኖ አቅጣጫው ይገለበጣል። አሁን የሚገፋው ሞተሩ አይደለም፤ የመሬት ስበት ነው። ጎማው ሴሚያሱን፣ ሴሚያሱ ዲፈረንሻሉን፣ ዲፈረንሻሉ ካርዳኑን፣ ካርዳኑ ካምቢዮውን፣ ካምቢዮው በፍሪሲዮን በኩል ሞተሩን ያዞራል። ናፍታ የማይሰጠው ሞተር ደግሞ የአየር ፓምፕ ነው፤ አየር ይስባል፣ ያምቃል፣ ያስወጣል፣ ለዚህ ሁሉ ጉልበት ይበላል። የሚበላው ጉልበት መኪናውን ወደ ኋላ የሚይዝ ነው። በጭስ ማውጫው ላይ የሚዘጋ ክዳን ያላቸው መኪናዎች ላይ፣ አሽከርካሪው ሲዘጋው ሞተሩ የሚያስወጣው አየር መውጫ ስለሚጠበው ይህ መያዝ ይበረታል። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ በዳገት የሞተሩን ጉልበት 35 እጥፍ ያበዛው ያው ጥርስ፣ በቁልቁለት የሞተሩን እምቢታ 35 እጥፍ ያበዛዋል። ከፍ ባለ ማርሽ ከወረዳችሁ እምቢታው ትንሽ ነው። በዜሮ ማርሽ ከወረዳችሁ ምንም የለም።

ታዲያ ዜሮ ላይ አድርጎ መውረድ ለምን ተለመደ? «ናፍታ ይቆጥባል» ስለሚባል ነው። ይህ ስሕተት ነው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግሩን ከነዳጅ ፔዳል ላይ ያነሳ አሽከርካሪ ሞተር የሚዞረው በጎማው ነው፤ የናፍታ ፓምፑ ማፍሰሱን ያቆማል። ዜሮ ላይ ያለ ሞተር ግን ላለመጥፋት ናፍታ መጠጣት አለበት። ቁልቁለቱን በዜሮ የወረደው፣ በማርሽ ከወረደው የበለጠ ናፍታ ያቃጥላል፤ በዚያ ላይ የሚይዘውን ነገር ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጥላል።

ፍሬኑ የሚጣልበት ምን ያህል ነው? የ20 ቶኑን መኪና ከደሴ ወደ ሐይቅ እናውርደው። በጠቅላላው 500 ሜትር ይወርዳል ብንል፣ ከክብደቱ የሚለቀቀው ጉልበት 98 ሚሊዮን ጁል ነው። ቁጥሩ ስሜት እንዲሰጣችሁ ወደ ማድ ቤት ልውሰደው፤ ከ300 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ይህ ጉልበት አይጠፋም። የተወሰነውን ነፋሱና የጎማው መንከባለል ይወስዱታል፤ ከቀረው የተወሰነውን ሞተሩ ሊወስደው ይችላል፤ ሞተሩ ያልወሰደውን ፍሬኑ ይወስዳል። ሌላ መሄጃ የለውም።

መኪናው 50 ኪሎ የሚመዝኑ 6 ታምቡሮች አሉት እንበል። ያ ሙቀት በሙሉ ወደ ብረቱ ቢገባና ምንም ወደ አየር ባይወጣ፣ ታምቡሮቹ ከ700 ዲግሪ በላይ ይሞቁ ነበር። በእውነተኛ መንገድ ከፊሉ ወደ አየር ይወጣል፤ ነገር ግን ብዙ የፍሬን ሸራዎች 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ የመያዝ ኃይላቸው መድከም ይጀምራል። በተጨማሪ ታምቡሩ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ከሸራውም ይርቃል። አሽከርካሪው ይረግጣል፣ ፔዳሉ ወደ ታች ይሄዳል፣ መኪናው አይይዝም። በፈሳሽ በሚሠራ ፍሬን ላይ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ራሱ ይፈላል፤ ለዓመታት ያልተለወጠ ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚመጥ ቶሎ ይፈላል። የሚፈላው ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ሲረገጥ ይታመቃል እንጂ አይገፋም። እግር ባዶ ይረግጣል። እንግዲህ «በጠሰ» የምንለው ይህንን ነው። ቢቀዘቅዝ ያው ፍሬን መልሶ ይይዝ ነበር።

በአየር ፍሬን የሚሠሩት ትላልቅ መኪናዎች ጉዳይ ይበልጥ ያስተምራል። እነዚህ መኪናዎች ላይ የኋላውን ፍሬን የሚይዘው ኃይለኛ ሞላ አለ፤ አየሩ የሚያስፈልገው ያንን ሞላ ገፍቶ ፍሬኑን ለማስለቀቅ ነው። ቧንቧ ተቆርጦ አየሩ ቢያልቅ ሞላው ራሱ ፍሬኑን ይይዛል። ስለዚህ የእነዚህ መኪናዎች ፍሬን በእርግጥ «ቢበጠስ» መኪናው መቆም ነበረበት። ካልቆመ፣ ሞላው የሚጫነው ሸራ በሙቀት ስለደከመ ወይም ፍሬኑ ቀድሞውኑ ሳይጠበቅ ስለቀረ ነው። ዜሮ ላይ የሚወርድ መኪና አየር መሙያው ቀስ ብሎ ስለሚሠራ፣ ደጋግሞ የሚረግጥ አሽከርካሪ አየሩን ከሚሞላው በላይ ይጨርሰዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሕግ አሮጌ አሽከርካሪዎች የሚያውቁት ነው፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። አንድ ማሻሻያ ብቻ ልጨምርበት። የዛሬ ሞተሮች ጉልበታቸው ስለበዛ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ይወጣሉ፤ ሲወርዱ ግን በዚያው ማርሽ የመያዝ አቅማቸው ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ከወጣችሁበት አንድ ዝቅ አድርጋችሁ ውረዱ። ምርጫው የሚደረገው ደግሞ አናቱ ላይ፣ መኪናው ገና ሳይፈጥን ነው። ፍጥነቱ ካየለ በኋላ ዝቅተኛው ማርሽ አይገባም፤ ቢገባም ሞተሩን ከአቅሙ በላይ አሽከርክሮ ይሰብረዋል። መሐል መንገድ ላይ ዜሮ ያደረገ ሰው፣ ማርሹ እምቢ ሲለው የቀረው ነገር ፍሬን ብቻ ነው።

ሻንሲ፣ ባሌስትራና የማይታየው ጭነት

ስለ ተሸካሚዎቹ ክፍሎች በአጭሩ ልናገር። ሞተሩም፣ ካቢናውም፣ ካሶኒውም የተቀመጡት በሻንሲው ላይ ነው፤ ሻንሲው በባሌስትራ በኩል በጎማዎቹ ላይ ያርፋል። ባሌስትራ የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ናቸው። ሲበዛ የሚጫንበት መኪና ባሌስትራው ይጎብጣል፤ ይህ መጉበጥ ማስጠንቀቂያ ነው።

በብዙ ቦታ የሚደረግ አንድ ልማድ ግን አለ። ባለንብረቱ ተጨማሪ ቅጠል ያስጨምራል። ከዚያ በኋላ 20 ቶን የሚመዝነው መኪና 25 ቶን ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያየው ሁሉ «ጠንካራ መኪና» ይላል። የተጠናከረው ግን ባሌስትራው ብቻ ነው። ታምቡሩ ያው ነው፣ ሸራው ያው ነው፣ ሞተሩም ያው ነው። ከደሴ ሐይቅ ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት 98 የነበረው ከ122 ሚሊዮን ጁል በላይ ይሆናል። ማስጠንቀቂያውን ዝም አሰኝተን አደጋውን በሩብ ጨመርንበት ማለት ነው። አንድን ክፍል ብቻ አውቆ የክፍሎቹን ዝምድና አለማወቅ የሚያመጣውን ጥፋት ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ስለ ስሞቹ

አሁን ወደ ስሞቹ ልመለስ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ የገባሁ ቀን፣ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መኪና ሥር ተኝተው «ልጄ፣ ያንን ካቻቢቴ አቀብለኝ፤ ከዚያ ክሮቸራውን ታያለህ» አሉኝ። ካቻቢቴውን በግምት አቀበልኳቸው። ክሮቸራ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። በእንግሊዝኛ ስሙን፣ የማዕዘን ቀመሩን፣ የፍጥነቱን መዋዠቅ ተምሬያለሁ፤ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፌዋለሁ። እርሳቸው ሳቁና «ምንም አይደል፣ ትለምደዋለህ» አሉኝ። እኔ ግን ያን ቀን ያፈርኩት ባለማወቄ ብቻ አልነበረም። እውቀቴን ለእርሳቸው የምሰጥበት ቋንቋ ስላልነበረኝ ነው።

ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ሴሚያስ፣ ቺንጋ፣ ጎማ፣ ፍሬን፤ እነዚህ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የመጡበትም መንገድ ይታወቃል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ ጣሊያኖች ከአስመራ በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰውን መንገድ ለጦርና ለጭነት መኪና ሠሩት፤ የጣርማ በርን ዋሻም የቆፈሩት ለዚሁ ነው። ሰው «ትሬንታ ኳትሮ» ይለው የነበረው ፊያት 634 እና መሰሎቹ ከነስማቸው በዚህ መንገድ መጡ። ወራሪው ሲወጣ ቃላቱ ቀሩ። በኋላም «ኤንትሬ» የምንለው ፊያት 682 እነዚያኑ ስሞች አጸናቸው፤ አዲስ አበባ የሚገኘው አምቼም የፊያትን፣ ቆይቶም የኢቬኮን መኪናዎች ገጣጠመ። ዛሬ በመንገዱ ላይ የሚበዙት አይሱዙና ሲኖትራክ ናቸው፤ ከጃፓንና ከቻይና መጥተው በእኛ ጋራዥ ውስጥ ሲፈቱ ግን ክፍሎቻቸው የሚጠሩት በእነዚያው ስሞች ነው።

ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር በማለቱ አገራችን ዓድዋ ድረስ ሄዳለች። ከዚያው ቋንቋ የመጡ ቃላት ዛሬ በዚያው አገር ጋራዥ ውስጥ እንደ አማርኛ እየተነገሩ ያለ ስሕተት ሥራ ይሠራሉ። መካኒኮቻችን ቃሉን ከዕቃው ጋር አብረው ስለተቀበሉት ትርጉሙ አልጠፋባቸውም። ዛሬ ሁለት ትርጉም ያለን በሌላ ቦታ ነው፤ በክፍልና በጋራዥ መካከል። ተማሪው ሙቀት የሸራውን ፍትጊያ እንደሚያደክም በእንግሊዝኛ ያውቃል፤ አሽከርካሪው በዜሮ ማርሽ ይወርዳል። ሁለቱ አንድ ሰፈር ይኖራሉ፣ ምናልባትም አንድ ቤት፤ እውቀቱ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው አልተሻገረም።

መደምደሚያ

ስለዚህ ከሦስት ወገኖች ሦስት ነገር እለምናለሁ። ተማሪዎች፣ ከምረቃችሁ በፊት ጋራዥ ገብታችሁ የክፍሎቹን ስም ከመካኒኮቹ አፍ ተማሩ፤ እናንተ ደግሞ የክፍሎቹን ምክንያት በእነርሱ ቃል ንገሯቸው። አሽከርካሪዎች፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ ማርሻችሁን ሳትቀንሱ አትውረዱ፤ የተቃጠለ ሸራ ከሸተታችሁ መንገዱ በሚሰፋበት ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፤ የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ ይሰነጠቃል፤ በራሱ ይቀዝቅዝ። ባለንብረቶች፣ ባሌስትራ ስታስጨምሩ ፍሬን እንዳልጨመራችሁ አስታውሱ።

ሁላችንም ደግሞ አደጋ በሰማን ቁጥር «ፍሬን በጠሰ» ብለን ነገሩን ከመዝጋታችን በፊት ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ። በስንተኛ ማርሽ ነበር የሚወርደው? ስንት ቶን ነበር የጫነው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መጠየቅ የጀመረ ማኅበረሰብ የመኪናን ክፍሎች ዐውቋል ማለት ይቻላል፤ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ባይሰቅለውም።

 አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ ጥያቄውን ከአሽከርካሪዎቹ ብንጀምር ደስ ይለኛል።